ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ ያለው መጠለያ፦ አልጋው አለ፣ ደንቡስ?

አልጋው ደህና ነው። ብርድ ልብሱ ንጹሕ ነው። ምግቡ ያጠግባል። ነርሷ ሰው አክባሪ ናት። ይህን ቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምጽፈው ቅሬታ እንዳይሸፍነው ነው። ቤት ያጣ ሰው ይዛችሁ "የት እንውሰደው?" ብትሉኝ ዛሬም ወደዚያው ውሰዱት እላለሁ። ግን አውቃችሁ ሂዱ።

የመጠለያውን ስም አልጠራም። እዚያ የሚሠሩት አብዛኞቹ በትንሽ ደሞዝ የሚለፉ ሰዎች ናቸው። አሁንም እዚያ የሚያድሩ አሉ፤ በእኔ ጽሑፍ ምክንያት ማንም ፊት እንዲነሳቸው አልፈልግም። በመንግሥት በጀት የሚተዳደር፣ ለሴቶችና ለአረጋውያን የተከፈተ ጊዜያዊ መጠለያ ነው። ከቃሊቲ በታክሲ ቱሉ ዲምቱ ትደርሳላችሁ። ከአደባባዩ በባጃጅ ትቀጥላላችሁ። አስፋልቱ ያልቃል፣ ኮብልስቶኑም ያልቃል። ከዚያ ወዲያ መረሬ አፈር ነው፤ ክረምት ላይ ጫማ ያስቀራል። ሰማያዊ የቆርቆሮ አጥር ስታዩ ደርሳችኋል። ድሮ መጋዘን ነበር።

እኔ ራፖር ጸሐፊ ነኝ። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ኪዮስክ አለችኝ። ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ ለባለጉዳይ የሚሆን አግዳሚ ወንበር። የቀለብ ክስ፣ የውርስ ማመልከቻ፣ የጠፋ ካርታ፣ የመብራት ቆጣሪ ጉዳይ፣ ሰው የሚቸገርበትን ሁሉ እጽፋለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። አዋጅ ግን አነባለሁ። ሳላነብ ብጽፍ የሚጎዳው ባለጉዳዩ ነው። ስለዚህ ይህን መጠለያ ያየሁት እንደ ጎረቤትም፣ ወረቀት እንደሚጽፍ ሰውም ሆኜ ነው።

ወደዚያ የወሰድኳቸው እማማን ነው። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው፤ እኔም በዚሁ ልቀጥል። ዕድሜያቸውን በሙሉ በሰው ቤት እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩ ናቸው። አሁን ሰባን አልፈዋል። ጉልበታቸው ያብጣል። አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ባለቤቱ ግቢውን ሸጠ፤ ገዢው አፍርሶ ሊሠራ ፈለገ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዛል። እማማ ግን የተከራዩት በቃል ነበር። እንደ እሳቸው ያለ ተከራይ ውል የሚባለውን ነገር የሚሰማው ውጣ ሲባል ነው። ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ማደር ጀመሩ። ወሩ ሐምሌ ነበር።

አገባቡን ልንገራችሁ። በሩን አንኳኩቶ የሚገባ የለም። በመጀመሪያ ከሚመለከተው ቢሮ ደብዳቤ መያዝ ያስፈልጋል። ደብዳቤውን ለማግኘት የታደሰ መታወቂያ ይጠየቃል። የእማማ መታወቂያ ጊዜው አልፏል። ሊያሳድሱ ሲሄዱ የቤት ቁጥር ተጠየቁ።

"አሁን የት ነው የሚኖሩት?"

"ቤት የለኝም ልጄ።"

"እንግዲያው ከነበሩበት መሸኛ ያምጡ።"

የነበሩበት ቤት ፈርሷል። የቤቱ ቁጥር የተመዘገበው በሌላ ሰው ስም ነው። ማን መሸኛ ይስጣቸው? አድራሻ የሌለው ሰው መታወቂያ አይታደስለትም። መታወቂያው ያልታደሰለት ሰው መጠለያ አይገባም። መጠለያ የሚያስፈልገው ግን አድራሻ የሌለው ሰው ነው። ይህን ማን አወጣው ብዬ ጠየቅሁ። "አሠራር ነው" ተባልኩ። አሠራሩ የተጻፈበትን ወረቀት ያሳየኝ ግን አልነበረም።

የተጻፈው ሌላ ይላል። ሕገ መንግሥቱ ከ1987 ዓ.ም ጀምሮ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 3 የኢትዮጵያ ዜጎች ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ልብ በሉ፣ ዜጎች ነው የሚለው። የቤት ቁጥር ያላቸው ዜጎች አይልም። ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና አሳዳጊ የሌላቸውን ልጆች ለይቶ ያነሳል፤ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ሊረዳቸውና ሊያቋቁማቸው እንደሚገባ ይናገራል። "አቅም በፈቀደ" የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

እኛን የጠቀመን የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ነው። ማስረጃ የሌለው ሰው በተመዘገበ ሰው ምስክርነት ፋይዳ መመዝገብ ይችላል። እኔ ፋይዳ አለኝ፤ መሰከርኩላቸው። አሻራቸው እንጀራ ሲጋግሩ በምጣድ ተበልቶ ማሽኑ ቶሎ አላነብ አለ። መዝጋቢው ልጅ ታግሶ፣ ጣታቸውን እየጠረገ፣ ደጋግሞ ሞከረላቸው። እግዜር ይስጠው። በፋይዳው ደብዳቤው ወጣ።

ወሰን ላይ የምትኖሩ ሰዎች ሌላም ነገር ይገጥማችኋል። ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም ከተመሠረተ ወዲህ በዚህ በኩል ያለው ሰፈር ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ ኦሮሚያ ነው። መንገድ ስታቋርጡ መስተዳድር ትቀይራላችሁ። መጠለያው በር ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመው አገኘሁ። በገላን በኩል ነው ያደሩት። እዚህ "የኦሮሚያ ነዎት" አሏቸው። እዚያ ሄደው ሲጠይቁ "ለብዙ ዓመት የኖሩት አዲስ አበባ ነው" ብለው መለሷቸው። ማመልከቻ ጽፌላቸው ሁለቱም ጋ አስገባን። ይህን የምነግራችሁ አቤቱታ ስትጽፉ መጀመሪያ መጠለያው የማን እንደሆነ እንድታጣሩ ነው። የትኛው ሕግ እንደሚያግዛችሁ የሚወስነው እሱ ነው።

እንግዲህ ገባን። አልጋውን ሜትር ይዤ ሄጄ ለካሁት። ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር ነው። ለምን እንደለካሁ ልንገራችሁ። አስተባባሪውን "የአልጋ መጠን፣ ሽንት ቤት ለስንት ሰው ስንት እንደሚሆን፣ የሚል ደንብ ካለ ያሳዩኝ" ብዬው ነበር። ጨዋ ሰው ነው፤ ፋይሉን ሁሉ አገላበጠ። በመጨረሻ ያሳየኝ የንብረት መዝገብ ነው። አልጋ ስንት እንደገባ ይናገራል። ሰው እንዴት መተኛት እንዳለበት አይናገርም።

ስለዚህ መለኪያ ከሰው አገር ተዋስኩ። ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1979 ሮበርት ሄይስ የሚባል ወጣት ጠበቃ ቤት የሌላቸውን ሰዎች ወክሎ ከተማውንና ግዛቱን ከሰሰ። ከከሳሾቹ አንዱ ሮበርት ካላሃን ይባላል፤ ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው ነበር። ጠበቃው የተመረኮዘው በግዛቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ባለች አጭር አንቀጽ ነው። ችግረኛን መርዳትና መንከባከብ የሕዝብ ጉዳይ ነው ትላለች። እ.ኤ.አ. በ1981 ተከራካሪዎቹ ተስማሙ፣ ስምምነቱም በፍርድ ቤት ጸና። ካላሃን ይህን አላየም። ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት እዚያው ጎዳና ላይ ሞቷል።

እኔን የሚደንቀኝ የዚያ ስምምነት ዝርዝር ነው። አልጋው ወርዱ ቢያንስ 30 ኢንች ይሁን ይላል፤ በእኛ 76 ሳንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ንጹሕ አንሶላ፣ ብርድ ልብስና ትራስ ይኑር። ለስድስት ሰው አንድ ሽንት ቤት፣ ለአሥር ሰው አንድ መታጠቢያ ይኑር። ዕቃ የሚቆለፍበት ሣጥን ይኑር። ዳኛና ጠበቃ ቁጭ ብለው የአንሶላና የትራስ ነገር ጻፉ! አንዳንዱ ሰው ይህን ጥቃቅን ይለዋል። እኔ ግን ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ስለሆነ አውቀዋለሁ። "ሽንት ቤቱ አይበቃም" ብሎ የሚጽፍ ሰው "ለስንት ሰው ስንት?" ሲባል የሚጠቅሰው ቁጥር ከሌለው አቤቱታው እንደ እሮሮ ይቆጠራል።

በዚያ መለኪያ ስናየው የእኛው አልጋ ያልፋል። አንሶላው በየሳምንቱ ይቀየራል፤ ትኋን አላየሁም። አልጋው ግን ተደራራቢ ነው። እማማን ላይኛው ላይ መደቧቸው! በዚያ ጉልበት መሰላል ይውጡ? ሕፃን የያዘች አንዲት ወጣት እናት አይታ "እማማ፣ እኔ እወጣለሁ፣ እርስዎ ታች ይሁኑ" ብላ ለወጠቻቸው። ሕፃን ይዛ ላይ መተኛቷ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው። ቆይቶ ነርሷ አስተካከለችው። ለአረጋዊ ታችኛው አልጋ ይሰጥ የሚል አንድ መስመር ቢኖር ኖሮ የአንዲት እናት ደግነት መጠበቅ ባላስፈለገ ነበር።

ሽንት ቤቱ አያልፍም። በሴቶቹ በኩል ስልሳ ያህል ሰው አለ። ያለው አራት ሽንት ቤት ነው፤ አንደኛው "ለሠራተኛ" ተብሎ ተቆልፏል። ንጋት ላይ ሰልፉ እስከ ማዕድ ቤቱ ይደርሳል። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሮቶው የሞላ ዕለት ይታጠባሉ፣ ባዶ ሲሆን በጀሪካን ነው። የውኃው ነገር የሰፈሩ ሁሉ ችግር ስለሆነ በመጠለያው ብቻ አልፈርድም። የተቆለፈውን ሽንት ቤት ግን ዛሬውኑ መክፈት ይቻላል።

የሚቆለፍ ሣጥን የለም። እማማ ያላቸው ንብረት የፋይዳ ወረቀታቸው፣ የባንክ ደብተራቸው፣ የሟች እህታቸው ፎቶና አንድ ነጠላ ነው። በፌስታል ጠቅልለው ትራሳቸው ሥር ያደርጉታል። ለሽንት ሲነሱም ይዘውት ይሄዳሉ።

ምግቡን በአጭሩ ልናገር። ጠዋት ሻይና ዳቦ፣ ምሳ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ ማታ መኮሮኒ ወይም ሩዝ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። እማማ እንጀራውን "ትንሽ ቸኮለ፣ እርሾው አልደረሰም" አሉኝ። ከእሳቸው አፍ ይህ ምስጋና ነው።

ከምግቡ ጋር የሚመጣው ነገር ግን ያንገበግበኛል። ቅዳሜና እሑድ ደጋግ ሰዎች ምሳ ይዘው ይመጣሉ። ተዝካር ያለበት፣ ልደት የሚያከብር፣ የተመረቀ። ባህላችን ነው፤ ያብዛልን። ከእነሱ ጋር ግን ስልክ ይመጣል፣ ካሜራ ይመጣል። አረጋውያኑ ተሰልፈው፣ ሳህን ይዘው ይቀረጻሉ። አንድ ቀን አንዱ እማማን "እስቲ እናቴ፣ እንዴት ጎዳና እንደወጡ ይንገሩን፣ ሕዝቡ ይስማ" ሲላቸው ደረስኩ። እማማ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ያን ዓመት ሁሉ በየቤቱ እንጀራ የጋገሩላቸው ሰዎች እንዲያዩአቸው አይፈልጉም። ልጁ ግን መቅረጹን ቀጠለ።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም ነው የወጣው። አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ያኔ ዩቲዩብ አልነበረም፣ ሕጉ ግን ነበር። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 24 ሰብአዊ ክብርን፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። ይህን ለልጁ ስነግረው "በጎ ሥራ ነው፣ እርዳታ እንዲያገኙ ነው" አለኝ። ልቡ ደህና ነው፤ አልጠላሁትም። ግን ፈቃድ ማለት ምሳ ሳይቀርብ በፊት የሚጠየቅ ነገር ነው። የተራበ ሰው ሳህን ይዞ ቆሞ እንቢ አይልም። ጥበቃውን "ጋሼ፣ ካሜራ ይዞ መግባት ይፈቀዳል?" አልኩት። "ማንም የከለከለን የለም" አለ። እውነቱን ነው። ለመጠለያው ይህን የሚከለክል የውስጥ ደንብ አልተጻፈለትም። በሩ ላይ የተለጠፈው ብቸኛ ጽሑፍ "ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው" የሚል ነው።

ስለ በሩ ካነሳሁ፣ ማታ 12 ሰዓት ይዘጋል። ለደህንነት ነውና እቀበለዋለሁ። የማልቀበለው የመጀመሪያውን ወር ነው። አዲስ የገባ ሰው ለአንድ ወር ከግቢ አይወጣም። ያቺ አልጋ የለወጠችው እናት በየሰው ቤት ልብስ ታጥብ ነበር። ወሩን ሙሉ ስትቀር ደንበኞቿ ሌላ ሰው ያዙ። መጠለያው ራሷን እንድትችል ሊረዳት ነው ያስገባት። የነበራትን ሥራ ግን አሳጣት።

ቤት ማጣት ወንጀል አይደለም። ስለ አደገኛ ቦዘኔነት የወጣው አዋጅ ቁጥር 384/1996 እንኳ አንድን ሰው ተጠያቂ የሚያደርገው ከተዘረዘሩ ድርጊቶች ጋር አያይዞ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 ሰው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ ነፃነቱን እንዳያጣ፣ አንቀጽ 32 ደግሞ በሕጋዊ መንገድ አገር ውስጥ ያለ ሰው በነፃነት እንዲንቀሳቀስ ይጠብቃል። መጠለያና ማቆያ የሚለዩት በሩ ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ሸገር ከተማ ውስጥ ሲዳማ አዋሽ በሚባል አካባቢ፣ ከጎዳና የተነሱ ሰዎች የተያዙበትን ጊዜያዊ ማቆያ ተመልክቶ ይፋ ያደረገውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። እኔ የምጽፍለት መጠለያ እንደዚያ አይደለም። በአፈሳ የመጣ ሰው አላየሁበትም። ሆኖም "አይወጣም" የሚለው ቃል ሲወጣ ማን አዘዘ፣ እስከ መቼ፣ ለምን የሚለው ካልተጻፈ የነገው ጥበቃ እንደ ፈለገ ነው የሚተረጉመው።

ልጆችን በተመለከተ፣ ወንድ ልጅ አሥር ዓመት ከሞላው ከእናቱ ጋር አያድርም፤ ሌላ ቦታ ይላካል። የትልልቅ ሴቶች መኝታ ስለሆነ ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን ልጅ በወላጆቹ እንክብካቤ የማደግ መብት አለው፤ አንቀጽ 36 ነው። ለእናትና ልጅ የሚሆን አንዲት ክፍል መለየት ለዚያ ግቢ አይከብደውም። ባዶ የቆመ ቢሮ አይቻለሁ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ። ኀሙስ ከሰዓት እማማ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ሰኞ ውጡ ብለውኛል" አሉ። ቆይታው ሦስት ወር ነው ተብሎ ነበር፤ ሦስት ወሩ ሞላ። ወዴት ይውጡ? ያ አልተነገራቸውም። ወረቀት ሰጥተውዎት ነው ስላቸው "ኧረ በአፍ ነው" አሉ።

በማግስቱ ማመልከቻ ይዤ ሄድኩ። የተመረኮዝኩት የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ላይ ነው። ይህን አዋጅ ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ቢያውቀው ግማሹ የኪዮስኬ ሥራ ይቀልላል። የፌዴራል አስፈጻሚ መሥሪያ ቤቶችን፣ የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን አስፈጻሚ አካላትም ይመለከታል። መሥሪያ ቤት በአንድ ሰው ጉዳይ ሲወስን ሰውየውን መስማት አለበት። ውሳኔው በጽሑፍ መሆን አለበት። ምክንያቱ መገለጽ አለበት። ቅር ያለው ሰው አቤት ይላል፣ ከዚያም ፍርድ ቤት ድረስ ሊሄድ ይችላል። በክልል ስር ያለ መጠለያ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ሌላ በሆነ ነበር፤ ቀደም ሲል መጠለያው የማን እንደሆነ አጣሩ ያልኩት ለዚህ ነው።

አስተባባሪው ማመልከቻውን አነበበ። ተበሳጭቶ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነው። "እኔ መች ጠላሁ፣ ከውጭ ሰልፍ አለ፣ ሕገ መንግሥቱም እኮ አቅም በፈቀደ ነው የሚለው" አለኝ።

እውነት ነው፣ ይላል። አንቀጽ 41 ላይም፣ መኖሪያና ምግብን በሚያነሳው አንቀጽ 90 ላይም አለ። ይህችን ቃል በየቢሮው ሰምቻታለሁ፤ ሁልጊዜ ውይይት ለመዝጋት ነው የምትነሳው። ደቡብ አፍሪካ ግን ይህችኑ መሰል ቃል በሕገ መንግሥቷ ይዛ ፍርድ ቤት ቀርባባታለች። አይሪን ግሩትቡም የምትባል ሴት ኬፕታውን አጠገብ ዋላስዴን በሚባል ሰፈር ትኖር ነበር። ሰፈሩ ክረምት ላይ ውኃ ይተኛበታል። ከጎረቤቶቿ ጋር ወጥታ የግለሰብ መሬት ላይ ሰፈረች፤ ከዚያም አስነሷቸው። የኳስ ሜዳ ላይ ላስቲክ ወጥረው ማደር ጀመሩ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000 ወሰነ። ለእያንዳንዱ ሰው ቤት ይሰጠው አላለም። መንግሥት በአቅሙ ልክ መሥራቱንም ተቀበለ። ነገር ግን ዛሬ ማታ የሚገባበት የሌለውን ሰው ጨርሶ ያላሰበ የቤት ፕሮግራም ተገቢ አይደለም አለ። እንግዲህ በዚህ ሐሳብ "አቅም በፈቀደ" የሚል ሰው አቅሙን እንዴት እንዳከፋፈለ ማሳየት አለበት፤ ከሁሉ የባሰበትን ሰው ደግሞ መዝለል አይችልም። ግሩትቡም ራሷ እ.ኤ.አ. በ2008 ስትሞት እዚያው የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ ነበረች። የፍርድ ቤት ድል ብቻውን ጣሪያ እንደማይሆን የእሷ ታሪክ ያሳየናል፤ ይህንንም ለአስተባባሪው አልደበቅሁትም።

እኔ ያልኩት ይህን ነው፦ "አልጋ ከሌለ የለም በሉ፤ ግን ጽፋችሁ በሉ። እማማ ከወጡ ወዴት እንደሚሄዱ ጻፉ። ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ከእሳቸው የሚቀድምበትን ምክንያት ጻፉ።" ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ማመልከቻውን መራበት፤ መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጡኝ።

መልሱ መጣ። ግማሽ ገጽ ነው። ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው። የእማማ ቆይታ እንዲራዘም፣ በከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ ለማግኘት እንዲመዘገቡ ይላል። ይህ ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም በአሥራ አንድ ከተሞች ሲጀመር ጎዳና ላይ የሚኖሩ ሰዎችንም ከተደራሾቹ አንዱ አድርጎ ነው የጀመረው። መሥራት ለሚችል ሥራ፣ ለማይችል ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። እማማን ቀድሞ ማን ሊመዘግባቸው ይገባ ነበር የሚለውን አላነሳሁም። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። "ማኅተም አለው?" አሉ። ጣታቸውን አስነካኋቸው። ደብዳቤው ፌስታሉ ውስጥ ገባ።

ያን ሰኞ ግን ሌሎች ሴቶች ወጥተዋል። እንደ እማማ በአፍ ነው የተነገራቸው። ማመልከቻ የሚጽፍላቸው ሰው አልነበረም። ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። እማማ አልጋቸውን ያቆዩት የሚያውቁት ራፖር ጸሐፊ ስላለ ነው። በመንግሥት ገንዘብ የተገዛ አልጋ ግን ሰው በሚያውቀው ሰው ሊመደብ አይገባም። አስተባባሪው ደግ ነው። ነርሷ ደግ ናት። ነገ ተዛውረው ሌላ ሰው ቢተካ ለዚያች ልብስ አጣቢ እናት ምን ይቀርላታል? አንድ ገጽ ወረቀት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ይቀርላት ነበር። ማን ይገባል፣ ስንት ጊዜ ይቆያል፣ መቼ ይወጣል፣ ቅሬታውን ለማን ያቀርባል፣ ማን ሊቀርጸው አይችልም። ማንበብ ለማይችል ደግሞ ሲገባ ይነበብለት፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። ይህ በጀት አይጠይቅም። ኪዮስኬ ውስጥ ወረቀቱም ቀለሙም አለ፤ በነፃ አትማለሁ ብያቸዋለሁ።

ሰው ይዛችሁ ለምትሄዱ፣ ሰኞና ማክሰኞ ጠዋት አስተባባሪው ይገኛል። ዓርብ ከሰዓት አትልፉ። የፋይዳ ወረቀት ኮፒ ያዙ። ለአረጋዊ ከሆነ ታችኛው አልጋ ብላችሁ ከመጀመሪያው ተናገሩ። ትንሽ ቁልፍ ያለው ሻንጣ ይዛችሁ ሂዱ፤ እኔ ለእማማ ከመርካቶ ገዝቼላቸዋለሁ። የመግቢያውን ቀንና የሚቆዩበትን ጊዜ በጽሑፍ ጠይቁ፤ "እዚህ እንደዚያ የለም" ቢሏችሁ በትህትና ማመልከቻ አስገቡና የመዝገብ ቁጥሩን ያዙ። ምሳ ይዛችሁ የምትሄዱ ደግሞ ስልካችሁን ቦርሳችሁ ውስጥ ተዉት። የአንሶላና የሳሙና እጥረት አለ፣ በተለይ የልብስ ሳሙና።

የውስጥ ደንቡ ተጽፎ እንዲለጠፍ፣ የተቆለፈው ሽንት ቤትም እንዲከፈት የጠየቅሁበት ማመልከቻ ገቢ ሆኗል። እስካሁን መልስ አልመጣም። ሲመጣ፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ እዚሁ ጨምሬ እጽፈዋለሁ።